ስልኬን ሳነሳ ልጄ አፉን ይከፍታል

«እንደምን ሰነበቱ። ይህን ዓምድ ሁሌ አነባለሁ፣ ጽፌ ግን አላውቅም። አሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ስምንት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ወንድ ልጅ አለኝ። የ11 ዓመት እህትም አለችው። ልጄ ሳቂታ ነበር፣ ኳስ ካየ ምግብ የሚረሳ። ከስምንት ወር በፊት ጉሮሮውን አመመው፣ ትንሽ አተኮሰው፣ በሦስተኛው ቀን ተሻለውና እኛም ረሳነው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ማክሰኞ ቀን ነበር፣ ጠዋት ሲነሳ ሌላ ልጅ ሆኖ ተነሳ። እጁን ይታጠባል፣ ያደርቃል፣ ደግሞ ይታጠባል፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ እስኪደማ ድረስ። ምግብ ሳቀርብለት «መርዝ የለበትም አይደል?» ይለኛል። የለበትም እለዋለሁ። ሳይጎርስ ደግሞ ይጠይቀኛል። ዓይኑን ያርገበግባል፣ ትከሻውን ያነሳል፣ ከጉሮሮው «እህም እህም» የሚል ድምፅ ያወጣል። ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ከዳይፐር ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። ጽሕፈቱ ወደ ኬጂ ልጅ ጽሕፈት ተመለሰ።

የመጀመሪያው ሐኪም ትኩረት ፈልጎ ነው አለን። ባለቤቴ አቅብጠሽው ነው አለኝ። እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። አንድ ማታ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ሳሙናውን ሲያነሳ እጁን በጥፊ መታሁት። አላለቀሰም። «እማዬ፣ እኔም እኮ ማቆም እፈልጋለሁ፣ ካልታጠብክ እናትህ ትሞታለች ይለኛል» አለኝ። ያቺን ማታ አልረሳትም።

ሦስተኛው ሐኪም ነው ከዚህ በፊት ጉሮሮውን አሞት ነበር ወይ ብሎ የጠየቀን። ከጉሮሮው ናሙና ወሰደ፣ ደም አስመረመረ፣ ከዚያ ፓንዳስ የሚባል ነገር ሳይሆን አይቀርም አለ። የ10 ቀን አንቲባዮቲክ አዘዘ። በሳምንታት ውስጥ ልጄ ወደ ራሱ ተመለሰ ማለት እችላለሁ። ከሁለት ወር በፊት ግን ጉሮሮውን ደግሞ አመመውና ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ፣ በመድኃኒት ተሻለው። አሁን እጁን ይታጠባል ግን እንደዚያ አይደለም። የመርዙ ጥያቄ አለ።

የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት በስልኬ መብራት ጉሮሮውን አያለሁ። ማታም አያለሁ። ትናንት ለእህቴ ልደውል ስልኬን ሳነሳ «አ» ብሎ አፉን ከፈተልኝ። ሴቷ ልጄ ስታስነጥስ ወደ ክፍልሽ ሂጂ እላታለሁ። አሁን ደግሞ ልጄ ሳልና ንፍጥ ከያዘው ሦስት ቀኑ ነው። ለክፉ ቀን ብዬ ገዝቼ ያስቀመጥኩት አንቲባዮቲክ አለ፣ ልጀምርለት? ባለቤቴ ሕመም መሆኑን አሁን አምኗል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ነው የያዝሽው፣ ቧንቧውን ዘግተን እናስተወው ይላል። ከሰው ደም ተቀምሞ በደም ሥር የሚሰጥ ሕክምና እንዳለም አንብቤአለሁ፣ መኪናችንን ብንሸጥ ይበቃ ይሆናል። ለትምህርት ቤቱስ ልንገር?

የጉሮሮ ዘበኛዋ ነኝ።»

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የጻፈችን እናት «እርስዎ» ማለት አልሆነልኝም።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለቴም ልጁ «አ» ያለበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ዛሬ የሚያስጨንቅሽን እንጨርስ፣ ሳሉንና ያስቀመጥሽውን መድኃኒት።

አትጀምሪለት። ሐኪም አይደለሁም፣ ይህን ግን በድፍረት እልሻለሁ። ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ሲይዝ ብዙውን ጊዜ በድንገት የሚነሳ የጉሮሮ ሕመም፣ ትኩሳትና አንገት ሥር ያበጡ ዕጢዎች ይዞ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ልጅ ላይ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ትውከት ይጨመርበታል። ሳልና ንፍጥ ግን በአብዛኛው የተራ ጉንፋን ምልክት ነው። ጉንፋን የቫይረስ ሥራ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ናሙና ሳይወሰድ መድኃኒቱን ከጀመርሽለት ምርመራው በኋላ ባክቴሪያውን ሳያሳይ ሊቀር ይችላል። ስትሬፕ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የምታውቂበትን አንዷን መንገድ በገዛ እጅሽ ዘጋሻት ማለት ነው። እና ያ የክፉ ቀን ብልቃጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሌሊት ሌሊት ከሚጠራሽ፣ ፋርማሲ ወስደሽ አስወግጂው።

ነገ ለሦስተኛው ሐኪም ደውይለት። ሳልና ንፍጥ ብቻ እንዳለ ንገሪው። ምን ሲታይ ልጁን ይዘሽ እንደምትሄጂ አሁኑኑ ተስማሙ። ትኩሳት ሲመጣ፣ ጉሮሮዬን ሲል ወይም ፍርሃቱና መታጠቡ እንደዚያች ማክሰኞ በድንገት ሲነሳ ናሙና ይወሰድለት ይልሽ ይሆናል። ስትሬፕ ከተገኘ ደግሞ የታዘዘለትን እስከ መጨረሻው ይጨርስ። የተለመደው የፔኒሲሊን ወይም የአሞክሲሲሊን ሕክምና 10 ቀን ነው፣ ልጁ በሦስተኛው ቀን ቤቱን ቢያተረማምስም።

ስለ ሕመሙ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም አንቺ ብዙ ያነበብሽ ይመስለኛል፣ ባለቤትሽ ግን ከአንቺ ትከሻ በላይ ነው ያነበበው። ፓንዳስ የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዶክተር ሱዛን ስዊዶና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሆነው የ50 ልጆችን ታሪክ አሰባስበው ጻፉ። የእነዚያ ልጆች አባዜ ወይም ቲክ፣ ያ ዓይን ማርገብገቡና ትከሻ ማንሳቱ ማለቴ ነው፣ በድንገት የጀመረው ወይም የተባባሰው ከስትሬፕ ጋር ተያይዞ ነበር። ነገሩ ከየት መጣ ካልሽኝ፣ ሲደንሃም ኮሪያ የሚባል ከስትሬፕ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ሕመም አለ፣ እጅና እግር ሳይታዘዝ እንደ ጭፈራ ይወራጫል፣ ብዙዎቹ ልጆች ላይም ያንቺ ልጅ ዓይነት የመታጠብና የመፍራት ነገር ታይቶ ነበር። የሚታሰበው እንዲህ ነው፦ ሰውነት ስትሬፕን ለመዋጋት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ተሳስቶ የልጁን የገዛ አንጎል ይነካል፣ በተለይ ባዛል ጋንግሊያ የሚባለውን እንቅስቃሴንና ልማድን የሚያስተባብር ክፍል። ወታደሩ ወራሪውን ሲያባርር የራሱን ሰፈር እንደ መተኮስ በይው።

ሐኪሞች ስንት ልጅ ላይ ይታያል፣ እንዴት ይታከም በሚለው ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። «አዎ ፓንዳስ ነው» ብሎ የሚቆርጥ አንድ የደም ምርመራ የለም። ደሙ ላይ የታየው የዚያ ፀረ እንግዳ አካል ከፍታ በቅርቡ ስትሬፕ እንደነበረው ይነግርሽ ይሆናል እንጂ ለሁሉም ነገር ተጠያቂው እሱ ነው አይልሽም። ከ100 ጤነኛ የትምህርት ቤት ልጆች አሥር ያህሉ ምንም ሳይሆኑ ባክቴሪያውን ጉሮሯቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉና። ስትሬፕ ሳይገኝ በድንገት ለሚነሳውም እ.ኤ.አ. በ2012 ፓንስ የሚል ሰፋ ያለ ስም ወጥቶለታል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመረኮዘው በታሪኩ ላይ ነው፣ ታሪኩን የያዝሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። «ማክሰኞ ቀን ነበር» ብለሽ ጽፈሻል። እዚህ ሕመም ውስጥ ያለፉ ወላጆች ብዙዎቹ ቀኑን ይጠሩታል። ልጅ ሲቀብጥ ግን ማን ቀኑን ያስታውሳል?

አሁን ወደዚያች ማታ። መተሽዋል፣ ሆኗል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ጥፊ አውርታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወራችሁ ዛሬ ወይም ነገ፣ መኪና ውስጥ ወይም ሲተኛ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት በማያስፈልግበት ቦታ፣ «ያን ቀን እጅህን መታሁህ፣ ማቆም እንዳልቻልክ አላወቅኩም ነበር፣ ይቅርታ» በይው። አታርዝሚው፣ ብታለቅሺ ማጽናናቱ ለእሱ ሥራ ይሆንበታል። ከዚያ እሱ ራሱ የሰጠሽን ቁልፍ ተጠቀሚበት። «ይለኛል» ነው ያለሽ። «እፈልጋለሁ» አላለም። በዚህ ዕድሜ ልጅ ራሱንና ሕመሙን እንዲህ ለይቶ መናገሩ በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያልቻልኩት። ለሚናገረው ነገር ስም ያውጣለት፣ የፈለገውን ስም፣ አስቂኝ ቢሆን የተሻለ። ከዚያ ወዲያ አንቺ፣ አባቱና ልጁ በአንድ ወገን ትቆማላችሁ፣ ያ ባለ ስም በሌላ ወገን።

ይህ ካንቺና ከባለቤትሽ ክርክር ጋር ይገናኛል። ቧንቧ መዝጋት አይሠራም፣ ፍርሃቱ ቧንቧው ውስጥ አይደለማ። ግን ባለቤትሽ አንድ ጫፍ ይዟል። ልጁ መርዝ አለበት ወይ ሲልሽ አንቺ በጠየቀሽ ቁጥር የለበትም ብለሽ ትመልሺለታለሽ፣ ለአንድ ደቂቃ ይረጋጋል፣ ከዚያ ፍርሃቱ መልስ ለምዶ ሌላ መልስ ይፈልጋል። የሚያዋጣው መሀሉ ነው፣ ሐኪሞችም ለእንዲህ ዓይነቱ አባዜ የሚሰጡት የሥነ ልቦና ሕክምና በዚህ ላይ የቆመ ነው። ልጁ የሚፈራውን ነገር በትንሽ በትንሹ እየቀረበ መታጠቡን ወይም መጠየቁን ያዘገያል፣ ፍርሃቱም ሳይመለስለት ወጥቶ ወርዶ ራሱ እንደሚበርድ ያያል። ይህን የሚያውቅ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲጠቁምሽ ሐኪምሽን ጠይቂው። እስከዚያ እቤት የምትጀምሩት አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ የመርዙን ጥያቄ። አንድ ጊዜ ትመልሺለታለሽ። ሁለተኛ ሲጠይቅሽ «ይሄንን የጠየቀኝ አንተ ነህ ወይስ እሱ?» በይውና ዝም በይ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ቆዪ። ያለቅስ ይሆናል። አንቺም ሆድሽ ይረበሻል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቀያሚ ናቸው፣ አልዋሽሽም። ደግሞ ይህን የምትጀምሩት አሁን፣ ቀለል ባለው ጊዜ ነው። ሕመሙ አገርሽቶ ልጁ መሬት ላይ በሚንፈራፈርበት ሳምንት ማንም ሥልጠና አይጀምርም፣ ያኔ ዋናው ሥራ ሐኪም ጋ መድረስና ማቀፍ ነው። መታጠቡን በተመለከተ ደግሞ ለተሰነጠቀው እጅ ቅባት ከሳሙናው አጠገብ አስቀምጪ፣ ቅጣት ሳይሆን ቅባት ያግኝ።

እንግዲህ ወደ «አ»።

የምልሽን በፍቅር ስሚኝ። ልጅሽ እጁን የሚታጠበው እናቱ እንዳትሞት ነው። አንቺ ጉሮሮውን የምታይው ልጅሽ እንደገና እንዳይጠፋብሽ ነው። አየሽ? መልኩ አንድ ነው። ታይያለሽ፣ ልብሽ ይረጋል፣ ማታ ደግሞ ታይያለሽ። እንዳንቺ የደረሰባት እናት ብትጠነቀቅ ማን ይፈርዳል፣ አንድ ማክሰኞ ልጇን ወስዶባታል። ግን ከዚያ መብራት ምን እያገኘሽ ነው? ስትሬፕን በዓይን ለይቶ ማወቅ ለሐኪምም ይቸግራል፣ ለዚህ ነው ናሙና የሚወሰደው። ሙሉ ጤነኛ በሆነበት ጠዋት በስልክ መብራት ያየሽው ቀይ ጉሮሮ ምንም አይነግርሽም፣ ልጁ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ይማራል፣ ሰውነቱ የሚታመን እንዳልሆነ። ጉሮሮውን ሳታዪ የዋልሽበት ቀን አለ? ያን ቀን ምን ሆነ?

ስለዚህ ማየቱን ሙሉ በሙሉ ተይው አልልሽም፣ ሕግ አብጂለት። ትኩሳት ካለው ወይም እሱ ራሱ ጉሮሮዬን ካለ ታይያለሽ። ከዚያ ውጭ አታዪም። መጠበቁ ለብቻሽ ስለሆነ ነው የከበደሽ፣ እሱን ለሁለት ተካፈሉት። አንድ ደብተር ግዢና ለባለቤትሽ ስጪው፣ አንቺ ሳትሆኚ እሱ ይጻፍ። ቀን፣ እንቅልፍ፣ ትኩሳት፣ መታጠቡ ትናንት ከነበረው ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ አንድ መስመር ይበቃል። እሑድ እሑድ ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት፣ ስለ ኳስም ይሁን። ጽሕፈቱ መበላሸት ሲጀምር ከማንም በፊት ደብተሩ ይነግራችኋል፣ ሐኪሙም «እየባሰበት ነው» ከሚል ቃል ይልቅ ያንን ገጽ ቢያይ ይመርጣል። ቲኩን በቪዲዮ መቅረጽም ይጠቅማል፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚጠፋ ነገር ነውና፣ እንደ ሁሉም የልጆች ሕመም። አጭር ይሁን፣ ልጁም ይወቀው። ደግሞ አባት በየቀኑ መስመር ሲጽፍ ቧንቧ የመዝጋቱ ሐሳብ ራሱ እየቀዘቀዘ ይመጣል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ስለ ሴቷ። በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት መስመር ነው ያገኘችው፣ አንዱ ስታስነጥስ ወደ ክፍልሽ የምትባልበት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሁሉም ይገባታል። የምፈራው ምን መሰለሽ፣ ጉሮሮዋን ሲያማት እንዳትደብቅሽ ነው። መታመም እንደ ጥፋት በሚቆጠርበት ቤት ልጅ ሕመሙን ይውጣል፣ ያ ደግሞ ለወንድሟም አይበጅም፣ የቤተሰቡ ስትሬፕ ቶሎ መታወቅ ያለበት ለእሱ ሲባል ነውና። «ጉሮሮዬን አመመኝ ብለሽ ከነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ እንጂ አላባርርሽም» በያት። ከዚያ በሳምንት አንድ ከሰዓት የእሷ ብቻ ይሁን፣ ስለ ወንድሟ የማይወራበት።

ለትምህርት ቤቱ ንገሪ። ለሁሉም አይደለም፣ ለክፍል አስተማሪውና የጤና ክፍል ካለ ለዚያ። በሽታውን ማስረዳት ውስጥ አትግቢ፣ የሚፈለጉትን ብቻ ተናገሪ፦ ክፍሉ ውስጥ ስትሬፕ የያዘው ልጅ ካለ ይደውሉልሽ፣ ድምፅ ሲያወጣ «ተው» አይበሉት፣ ጽሕፈቱ በሚበላሽበት ሳምንት በቃል ይመልስ። የተለወጠ ነገር ሲያዩም ያን ቀኑን ይንገሩሽ።

መኪናውን አትሽጡ፣ ገና። ያልሽው ከሰው ደም የሚቀመም ሕክምና አለ፣ የተከበሩ ሐኪሞችም ሕመሙ ለከፋባቸው ልጆች ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት ልጆቹ በግልጽ እንደተሻላቸው ጽፏል፣ በ2016 የወጣው 35 ልጆች የተካተቱበት ጥናት ደግሞ መድኃኒቱን ባገኙትና የማስመሰያ ፈሳሽ በተሰጣቸው ልጆች መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም። የራሱ የጎንዮሽ ጉዳቶችም አሉት። ያንቺ ልጅ በ10 ቀን አንቲባዮቲክ ተነስቶ ኳሱ ጋ የተመለሰ ልጅ ነው። «የእኔ ልጅ ለዚህ ይደርሳል ወይ?» ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ። በዚያው ቀጠሮ ሌሎች ሁለት ነገሮች ጠይቂልኝ። አንደኛ፣ ልቡን በደንብ ያዳምጥለት፣ ስትሬፕ ሳይታከም ሲቀር ሩማቲክ ፊቨር አምጥቶ የልብን ቫልቭ ሊጎዳ ስለሚችል። ሁለተኛ፣ ሕመሙ የተነሳበት ሁለቴ ስለሆነ መከላከያ አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም። ይህ ለሩማቲክ ፊቨር የተረጋገጠ አሠራር ነው፣ ለፓንዳስ ግን በየልጁ የሚወሰን ነው፣ ስለዚህ የሌላ ሰው ልጅ ሲወስድ አይተሽ አትጀምሪ። የአባዜ መድኃኒት ከታዘዘለትም በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር እንደሚሻል ብዙ ሐኪሞች ይናገራሉ፣ እነዚህ ልጆች ለጎንዮሽ ጉዳቱ ስሱ ሆነው ስለሚታዩ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውም አሉ። መብላት ወይም መጠጣት ካቆመ፣ ክብደት እየቀነሰ ከሄደ፣ መሞት እፈልጋለሁ ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ፣ እጅና እግሩ እንደ ጭፈራ መወራጨት ከጀመረ፣ መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ከጣለው ወይም ግራ ከተጋባ፣ ደብተሩንም ዓምዱንም ጥለሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ነገ ጠዋት ስልክሽን ወጥ ቤት ትተሽው ወደ ክፍሉ ግቢ። አፉን ከከፈተልሽ «ዛሬ አላይም፣ ደህና አደርክ ልልህ ነው የመጣሁት» በይው። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፣ በሌሊት ዘጠኝም ቢሆን።